ጋሽ ልኬ የሚሄዱበትን የተናገሩ ዕለት

እኔ ቁጭ ማለት የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ሳስተምር እንኳ ከሰሌዳው እስከ በሩ ስመላለስ ተማሪዎቼን አንገታቸውን አሳምማቸዋለሁ። እንግዲህ ሱሪዬን እንዲያሳጥሩልኝ የሰጠኋቸው ልብስ ሰፊ ሱቃቸውን ዘግተው ደጋግመው ሲጠፉብኝ እንዴት እንደምናደድ ገምቱ። ሰፈሩ «ጋሽ ልኬ» ይላቸዋል፤ ሜትራቸው ከአንገታቸው አይወርድም። የት እንደሄዱ ፀጉር አስተካካዩን ብጠይቀው «ለቅሶ ናቸው» አለኝ። ባለ ሱቋ ደግሞ «ኧረ ክር ሊገዙ ነው የወጡት» አለችኝ።

በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ ሳልፍ በሩ ክፍት ሆኖ አገኘሁትና ዘው ብዬ ገባሁ። መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ግን ያየሁት ሱሪዬን ሳይሆን ገመድ፣ ባዶ የውሃ ጠርሙሶችና ያረጀ ጫማ ነበር። አየር ትንበያ ቢሮ የምትሠራው ልጃቸው እጇን አጣምራ ቆማለች።

«እንኳን መጡ መምህር» አለችኝ፤ «እስቲ እርስዎ ይፍረዱን። ነገ ማለዳ ከአባባ ጋር በረሃው ስንጥቅ ውስጥ ልንጓዝ አስበን...»

«ቀስ በይ እንጂ! ሰፈሩ ሁሉ ይስማልሽ?» አሉ ጋሽ ልኬ ወደ በሩ እየተገላመጡ።

ስንጥቁን አውቀዋለሁ። በረሃው መሐል ዐለቱ ለሁለት ተከፍሎ የተሠራ ጠባብ ሸለቆ ነው። ክንድን ቢዘረጉ ሁለቱም ግድግዳ ይነካል፤ ሰማዩ ከላይ የጥብጣብ ያህል ቀጥኖ ይታያል። አንዴ ከገቡ ወይ ወደፊት ነው ወይ ወደኋላ፤ ወደ ጎን መውጫ የለውም። ጋሽ ልኬ በወጣትነታቸው ከሟች ታላቅ ወንድማቸው ጋር ይመላለሱበት ነበር። መጨረሻው ላይ ሁለቱ ስማቸውን የጫሩበት ድንጋይ አለ።

«ጉልበቴ እየከዳኝ ነው መምህር» አሉኝ። «ዘንድሮ ካላየሁት መቼም አላየው። ይቺ ልጅ ግን አትሂድ ትለኛለች።»

«አይሂዱ አላልኩም፤ ነገ አይሂዱ ነው ያልኩት። ነገ ዝናብ አለ።»

«የት አባቱ ያለ ዝናብ? ሰማዩን እዪው፤ አንዲት ደመና አለች?»

«እዚህማ የለም። ዝናቡ ተራሮቹ ላይ ነው፤ የዚያ ሁሉ ተራራ ውሃ ደግሞ መውረጃው ስንጥቁ ነው። እኛ ፀሐይ እየሞቅን ደራሽ ጎርፍ ከኋላችን ሊመጣብን ይችላል።»

«ባለፈው ይዘንባል ብላችሁ ጥላ ተሸክሜ ስንከራተት ዋልኩ!»

«ታዲያ ጥላው ምን ጎዳዎት አባባ?»

ሳቄን ዋጥኩ። እሳቸው መቀሱን አንስተው ምንም ሳይቆርጡ ከፈት ዘጋ ያደርጉት ጀመር። እኔም ከመስኮቱ ወደ በሩ ስመላለስ ሱቁ ጠበበን።

«ደግሞ ለእናቴ የጨርቅ ገበያ እንሄዳለን ብለዋታል» አለች ልጅቱ። «ገበያው በዚህ፣ በረሃው በዚያ!»

«የቤታችን ወግ ነው» አሉ ጋሽ ልኬ ኮስተር ብለው። «አያቴም አባቴም ሲወጡ የሚሄዱበትን ተናግረው አያውቁም፤ ሌላ ቦታ ይጠሩ ነበር። ክፉ ዐይን የተጠራለት ቦታ ሄዶ ሲጠብቅ፣ መንገደኛው በሌላ በኩል በሰላም ያልፋል።»

ለቅሶውና ክሩ አሁን ገባኝ። ወጉ አሳቀኝ፤ ግን እኛ የተማርነውስ አልጋችን ላይ ሆነን በስልክ «መንገድ ላይ ነኝ» የምንል አይደለንም? የእኛ እንኳ ለክፉ ዐይን ተብሎ አይደለም።

ይህን ሳስብ ባለቤታቸው ስንቅ ይዘው ገቡ።

«ይኸው ለነገ» አሉ እያለከለኩ። «ገበያው አጠገብ ላለው ወንድሜ ደውያለሁ፤ አውቶቡሱ ጋ ቆሞ ይጠብቃችኋል።»

ጋሽ ልኬ መቀሱን አፍጥነው ከፈት ዘጋ አደረጉት። ልጅቱ አባቷን አየት አደረገችና ወደ እናቷ ዞረች።

«እማ፣ ሳንመለስ ብንቀርስ የት ትፈልጊናለሽ?»

«ምን ያለ ጥያቄ ነው! ወንድሜን ይዤ ገበያውን አስሳለኋ። በዚያ መንገድ ላይ ያለውን ሐኪም ቤት ሁሉ አዳርሳለሁ።»

«በረሃውንስ?»

«በረሃ ምን ልትሠሩ?»

መቀሱ ቆመ። ጋሽ ልኬ በርጩማው ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡና ሁሉንም ተናገሩ፤ የነገውን ብቻ ሳይሆን የድሮውንም።

ባለቤታቸው ስንቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ «አንተ ሰው» አሉ። «ለካ ይህን ሁሉ ዘመን በሌለህበት መንገድ ላይ ነው ስጸልይልህ የኖርኩት!»

እኔ ረጅም ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ዋጥኩት። ጋሽ ልኬ ገመዱን ጠቅልለው መደርደሪያ ላይ ሰቀሉ።

«ተራሮቹ ላይ ዝናቡ መቼ ያባራል ልጄ?» አሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ተራሮቹ ጠርተው ዋሉ፤ አባትና ልጅም ሄዱ። በስንት ሰዓት ገብተው በስንት ሰዓት እንደሚወጡ ለባለቤታቸውም ለእኔም ነግረውናል፤ ስንጥቁ ውስጥ ስልክ አይሠራም። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ካልደወሉ የነፍስ አድን ሠራተኞችን የምጠራው እኔ ነኝ። የዚያን ዕለት ቆዳዬ ጠበበኝ። በሱቁ ደጃፍ ስመላለስ ፀጉር አስተካካዩ «መምህር፣ አዞሩኝ እኮ!» አለኝ። ባለቤታቸው ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል።

ስልኩ የጮኸው ገና ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ነው። ማታ ሲመጡ ጋሽ ልኬ አቧራ ለብሰዋል።

«ድንጋዩን አዩት?» አልኳቸው።

«አላየሁትም። ጉልበቴ እያዘገመ ሰዓቱ ደረሰ። ሁለት መታጠፊያ ነበር የቀረኝ፤ ልጄ እንኳ ትንሽ እንሞክር ብላኝ ነበር።» ባለቤታቸውን አዩ። «እሷ ስልክ ይዛ መቀመጧን ባላውቅ ኖሮ አልመለስም ነበር መምህር። ድሮ የት እንዳለሁ የሚያውቅ ስለሌለ የሚመልሰኝም አልነበረም።» ዐይናቸው እንባ አቀረረ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ በላይ ምን ልምከርህ? ወደ በረሃ ስትወጣ የራስህን ሰማይ ብቻ አትይ፤ የተራራውንም ጠይቅ። የምትሄድበትን ቦታና የምትመለስበትን ሰዓት ለሚወድህ ሰው እውነቱን ንገር። ብትጠፋ ፈላጊህ አቅጣጫ አይስትም፤ ባትጠፋም ያ ቃልህ በጊዜ ወደ ቤት ይመልስሃል።

በማግስቱ ሱሪዬን ልወስድ ስሄድ ሱቁ ዛሬም ዝግ ነው። ደሜ ሊፈላ ሲል በሩ ላይ በልብስ ሰፊ ጠመኔ የተጻፈ አየሁ፦ «አዝራር ልገዛ ወጥቻለሁ። ከምሳ በፊት እመለሳለሁ። የእውነት።»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ጠበቅኋቸው።