አንጮቴው የዋጠው መደብ

«ቆስጣዬ የታለ ጋሽ ሊካሳ? ያሳዩኝና ዝም ልበል!»

ወይዘሮ አየለች ይህን ሲሉ ዶማ ይዘው ነበር። ከካዛንቺስ ስመለስ ጭቅጭቁ ላይ ደረስሁና በግቢያችን የአትክልት መደብ ዳር ቆምሁ። ጎረቤቶች በጋራ የሚያለሙት ያ መደብ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሐረግ ለብሷል። አንጮቴ ነው፤ ሥሩ እንደ ድንች ተቀቅሎ የሚበላ የወለጋ ተክል። ክረምቱን ጠጥቶ አጥሩን አልፏል፤ የልብስ ማስጫውን ሽቦ ይዞ ወደ አንደኛው ፎቅ እየወጣ ነው። ተቆጥቼ ልመለከተው አስቤ አልቻልሁም፤ አስደነቀኝ።

«ሟቿ ባለቤቴ አይናለም የዘራችውን ዶማ አይነካውም» አሉ አቶ ሊካሳ ከመደቡ ፊት ንቅንቅ ሳይሉ። «በአገራችን ለዘር የቀረች እናት ሥር አትቆፈርም።»

«እናትማ አንድ ናት! ይሄ ሁሉ እናት ነው እንዴ?»

በዚህ መሀል ሀዊ ደረሰች፤ የግቢያችን ልጅ ናት፣ የእርሻ ትምህርት ተማሪ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አገር ቤት ከእናቲቱ ሌላ ያሉትን ምን ታደርጓቸዋላችሁ?»

«በየዓመቱ ቆፍረን እንበላለን እንጂ!»

«እዚህስ ለምን ተዉአቸው?»

ሽማግሌው ሐረጎቹን በዓይናቸው አንድ በአንድ ፈለጉ። «የአይናለም የትኛዋ እንደሆነች ጠፋኝ፣ ልጄ። ብሳሳትስ?»

ግትርነት ይመስለን የነበረው ፍርሃት ኖሯል።

«እናቲቱ አትነካም» አለች ሀዊ። «ግን፣ ማለቴ፣ ፍሬው ቀልቶ ይወድቃል፣ የወደቀው ይበቅላል፤ የበቀለው ደግሞ ከእናቱ ጋር ይሻማል። ሁሉንም ስንተው እሷንም እያስራብናት ነው። በእጃችን እንፈልጋት፤ ዶማ የለም፣ በቃ።»

«በማንኪያ አድርጊዋ!» አሉ ወይዘሮ አየለች፤ ዶማውን ግን አስቀመጡት።

አፈሩን በጣታችን ገለጥን። መጀመሪያ ጡጫ የሚያካክሉ ለጋ ሥሮች ወጡ። ሐረጉን ተከትለን ወደ መደቡ የሲሚንቶ ጠርዝ ስንጠጋ ሀዊ እጇን ሰበሰበች። ከሥር የእንስራ ሆድ የሚያህል ሥር ተኝቷል። ሲሚንቶውን ገፍቶ ሰንጥቆታል።

ወይዘሮ አየለች አማተቡ። «ይሄ ከአንዲት ፍሬ? እኛ ከላይ ስንነታረክ?»

አቶ ሊካሳ ተንበርክከው መዳፋቸውን አሳረፉባት። «በዕድሜ የሚስተካከላት የለም፤ እሷው ናት። አየሽ ሀዊ፣ ልጆቿ ጎኗን ሁሉ ይዘውባታል።» አፈሩን ራሳቸው መለሱላት። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ሌላውን ንቀሉ» አሉ።

እንደዚህም ተስማማን። እናቲቱ ጥጉን ትይዛለች፤ ሐረጓም በእንጨት ላይ ይወጣል እንጂ በሰው ጎመን ላይ አይተኛም። ለዘር ከሚቀረው በቀር ፍሬው ሳይቀላ ይለቀማል። ለጋዎቹ በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ተቆፍረው ለየቤቱ ይደርሳሉ፤ የቀረው መደብ ለቆስጣና ለጎመን ይሆናል። ብርቱ ተክል ልክ ካበጁለት ግቢ ያጠግባል፤ ከፈሩትና ከተዉት ግን የዘራውን ሰው ጭምር ከጎረቤት ያጣላል።

«እንጨቱን ማን ያመጣል?» አሉ ወይዘሮ አየለች ለጋዎቹን በሳፋ እየሰበሰቡ።

«እርስዎ ነዎት የጮኹት!» አለች ሀዊ።

«እኔ ዶማ አምጥቻለሁ!»

ሳቁ ሳያባራ አቶ ሊካሳ አንዲት ትንሽ ሥር አንስተው አፈሩን በኮታቸው እጅጌ ጠረጉና ለእራት ሊቀቅሏት ደረጃውን ይዘው ወደ ቤታቸው ወጡ።