በበዓለ ሃምሳ የጾመችው ልጅ

ከሞጣ ወደ ቢቸና በሚሄደው አውቶቡስ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ ቢጫ ጀሪካን በጉልበታቸው መካከል አቅፈው ነበር። ዘመኑ ሁለት ሺህ አምስት፣ ከፋሲካ ሦስት ሳምንት በኋላ፣ ዕለቱም ረቡዕ ነው። እኔ ህንድ አገር፣ ፑኔ በምትባል ከተማ፣ ፍልስፍና ተምሬ ከተመለስኩ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ቢቸና አስተምራለሁ። መመለሴ ልክ ይሁን ስሕተት ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም።

ጀሪካኑን ሳየው፣ «ጠበል ነው፤ ለልጄ» አሉኝ። «ያመማት እንዳይመስልሽ! ጸጋ ነው የወረደባት። ከጥቅምት ወዲህ እህል የምትቀምሰው እንደ ወፍ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ‹የመሪጌታ ልጅ መነነች› ይላል።»

«ስሟ ማን ይባላል?»

«ወይንእሸት።»

ቦርሳዬን ወደ ራሴ ሳብኩ። ወይንእሸት ኃይለ ጊዮርጊስ ተማሪዬ ናት። በሴት ተማሪዎች ክበባችን ውስጥ ልጃገረዶቹ በቃል ለመናገር የሚያፍሩትን በሥዕል እንዲናገሩት አደርጋለሁ፤ የእሷም ሥዕል ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

«አስተማሪዋ ማስተዋል ነኝ» አልኳቸው። «ሁለት ሳምንት ቀረችብኝ።»

«እግሯ አልጸና ብሎ ነው። ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ይበርዳታል። ፀጉሯም ከሚዶው ጋር ይወጣል። ከትናንት በስቲያ ከቅዳሴ ስትመለስ ወደቀች።»

ይህን ሁሉ እንደ ጸጋ ምልክት ነበር የሚቆጥሩልኝ። እኔን ግን ፍርሃት ያዘኝ። ፑኔ ሳለሁ እህል የጠላሁበት ዓመት ነበር፤ «እንዴት አማረብሽ!» የሚሉኝ ሲበዙ፣ ልቤ እየደከመ ሄዶ አንድ ቀን ደረጃ ላይ ወድቄ ነው ወደ ሐኪም የወሰዱኝ።

«መሪጌታ፣ ይህ በሽታ ነው። ሐኪም ይያት።»

ሳቁብኝ። «ውጭ አገር የተማራችሁ ጸጋንም በሚዛን ካልሰቀላችሁ አታምኑ! ሥጋ ሲደክም ነፍስ ትበረታለች። ፍልስፍናሽ ይህን አላስተማረሽም?»

«አስተምሮኛል። ሥጋ የነፍስ እስር ቤት ነው ያሉ ሊቃውንት አንብቤያለሁ። ምሳቸውን ማን እንደሠራላቸው ግን አንዳቸውም አልጻፉም።»

«ምላስሽስ ጾም አያውቅ!» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ደብረ ወርቅ ላይ ለምሳ ቆምን። ቢቀየሙኝም ባላገር ናቸውና ጥብስ አዘው፣ «ብዪ እንጂ ልጄ!» አሉኝ።

«ረቡዕ አይደለም እንዴ?»

«ምን ትላለች ይህች ልጅ! በዓለ ሃምሳ እኮ ነው። እስከ ጰራቅሊጦስ ጾም የለ፣ ስግደት የለ። በዚህ ወራት መጾም ሥርዓት ማፍረስ ነው።»

«ለወይንእሸትስ?»

ጉርሻው ከአፋቸው ሳይደርስ ቀረ። ሠላሳ ዓመት ለደቀ መዛሙርት ያስተማሩትን ሕግ፣ በገዛ ቤታቸው ደጃፍ አላሻገሩትም ነበር።

ሥዕሉን ላውጣ አላውጣ ብዬ አመነታሁ፤ የልጅቷ ምስጢር ነው። ከሞተች ግን ምስጢሯ ለማን ይጠቅማል? አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። በእርሳስ የተሣለ ማዕድ ነው። ጢማም አባት፣ ወንድሞችና እንግዶች ዙሪያውን ተቀምጠዋል። አንዲት ልጅ ማንቆርቆሪያ ይዛ ታስታጥባለች። ከሁሉም እጅ ውሃ ይንጠባጠባል፤ የእሷ ብቻ ደረቅ ነው። ከሥሩ «እኔን ማን ያስታጥበኛል?» ብላ ጽፋለች።

«ይሄ እኔ ነኝ» አሉ መሪጌታ፣ ጢሙን በጣታቸው እየነኩ። ቆይተውም፣ «በጥቅምት፣ የጽጌ እንግዶች ነበሩን። ሁለተኛ እንጀራ ስትቆርስ አየሁና ‹ሴት ልጅ እንደ በሬ አትበላም› አልኳት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ለቀልድ ነበር እኮ!»

«መብላት ስትቀንስስ ምን አሏት?»

«‹ጎበዝ› አልኳት።»

«ወንድ ልጅዎ እንዲህ ቢከሳ ኖሮስ?»

«እስካሁን ባሕር ዳር ሆስፒታል አድርሼው...» ቃሉን ሳይጨርሱት ራሳቸው ሰሙት።

ስልካቸውን አወጡ። ኔትወርክ የለም። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ደወሉ፤ ዳገቱ ላይ ደወሉ፤ ቁልቁለቱ ላይ ደወሉ፤ መስመር አልገኝ አለ። ጀሪካኑ እግራቸው ሥር ሲንቦጫቦጭ እኔም እነዚያን ሁለት ሳምንታት ቆጠርኩ። ቤቷ ሄጄ አላየኋትም። «እመቤቴ ዛሬን ብቻ ታቆይልኝ» ሲሉ ሰማኋቸው።

ቢቸና ስንደርስ በባጃጅ ወደ ቤታቸው ከነፍን። ባለቤታቸው ወይዘሮ ንግስት በር ላይ ቆመው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። መሪጌታ ግድግዳውን ያዙ።

«ምነው? እንዳትቀሰቅሷት ብዬ ነው እንጂ!»

ወይንእሸት መደቡ ላይ በጋቢ ተጠቅልላለች፤ ዓይኖቿ ብቻ ቀርተዋል። መሪጌታ ጠበሉን አስቀምጠው ማንቆርቆሪያውን አነሡ።

«ተነሺ ልጄ፣ ላስታጥብሽ።»

«ኧረ መሪጌታ፣ ምን ነካዎ!» አሉ ወይዘሮ ንግስት።

«በሃምሳው ልጄን ያስጾምኩ እኔ ነኝ። እናንተም ሐኪም ቤት አብራችሁኝ ትሄዳላችሁ፤ አሁኑኑ።»

ልጅቷ በድንጋጤ አየቻቸው። «ሰው አይስቅም?» አለች።

«የሚስቅ ቢኖር ከቤቴ ይወጣል።»

እጇን ዘረጋች። አባቷ ውሃውን ቀስ ብለው አፈሰሱላት። አንድ ማንኪያ አጥሚት እያለቀሰች ዋጠች። ወዲያው ሐኪም ቤት ወሰድናት፤ ሐኪሙም ልቧ እጅግ መድከሙን ነግሮን፣ ጥቂት በጥቂት እንድትመገብ አስተኝቶ ይከታተላት ጀመር።

በመስከረም ወደ ክፍሏ ተመለሰች። በዚያ ቤት ዛሬ ወንዱም ሴቱም ማዕድ አንድ ላይ ይቀርባል፤ ማስታጠብም በተራ ነው። መሪጌታ በሰንበቴው ላይ፣ «ሴት ልጃችሁ ስትከሳ ከማመስገናችሁ በፊት ጠይቋት» ሲሉ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሦስት እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ሐኪሙ ዘንድ ሄደዋል። የክበባችንም ሥዕሎች በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል።

ይሁን እንጂ በሽታው እንግዳ አይደለም፤ የወጣበትን ደጅ ያውቃልና ሊመለስ ይችላል። እሑድ እሑድ ምሳ ይጠሩኛል። አባቷ ማንቆርቆሪያውን ይዘው ሲቆሙ፣ እጇን ከመዘርጋቷ በፊት አንዲት ቅጽበት አለች። ያቺን ቅጽበት ሁላችንም እንፈራታለን። እስካሁን ግን ሁልጊዜም እጇን ዘርግታለች።