አያ ውብነህ የዓይን ጠብታ የጾመ ጊዜ

በእኛ ጊዜማ ዓይኑን ሞራ የጋረደው ሰው ዱላ ተቆርጦለት በረት ዳር ፀሐይ ይሞቅ ነበር እንጂ፣ ሐኪም ሞራውን ገፎ ብርሃን ይመልሳል ቢሉን ስቀን አናባራም ነበር። እና አንቺ አስካል፣ ነይ እስኪ ቁጭ በይ። «እናቴን ለዓይኗ ሐኪም ዘንድ አልወስዳትም፤ የእትዬ ይመኙ ባል አያ ውብነህ ሞራው ተገፎ ምን ረባው» ትያለሽ አሉ። ብለሻል አላልሽም? ባሉ የኔ፣ ዓይኑ የሱ፣ ወሬው ያንቺ ሆነ! እንግዲያውስ እኔ ባለቤቲቱ ልንገርሽ።

ልብ አርጊ፣ አያ ውብነህ ድሮ ከወዲያኛው ተረተር የቆመ በሬ የማን እንደሆነ የሚለይ ሰው ነበር። ታዲያ ሞራው መጣና ሁለቱንም ዓይኑን ጋረደው፣ እና እኔ ዱላውን ይዤ እየመራሁ ቤተ ክርስቲያን አደርሰዋለሁ፣ ከቤተ ክርስቲያን እመልሰዋለሁ፣ ለቅሶ አደርሰዋለሁ። በመንገድ ሁሉ ደግሞ ይቆጣኛል። «ድንጋይ አለ አትይም እንዴ?» ይላል። ድንጋይ አለ ስለው ደግሞ «አውቄዋለሁ!» ይላል። ወይ ጉድ! እንዲህ ያለ ሰው ስትመሪ ብትውዪ አንቺስ ሐኪም ፍለጋ አትሄጂም?

ታዲያ ከወገዳ በአውቶብስ ተሳፈርን፣ ያን መንገድ ታውቂዋለሽ፣ አጥንታችን ሊላቀቅ ምንም ሳይቀረው ከዓይን ሐኪም ቤቱ ደረስን። ዶክተሩም የቀኙን ዓይን ገፈፉለት፣ ሌንስ የሚሉትን መስታወት መሰል ነገርም ተኩለት፣ እና በማግስቱ ጨርቁ ሲነሣ አየ! ግድግዳው ላይ ያለች ዝንብ አየ። «ይመኙ፣ ዝንቧ እጆቿን ታፋትጋለች!» ብሎ ጮኸ። እልል አልኩ፤ ያሉት በሽተኞች ሁሉ አብረውኝ እልል አሉ። ግራው ቀኙ ሲድን ይሠራል ተባለ። እንግዲህ ሁሉም ነገር በዚያች በቀኝ ዓይኑ ላይ ነው፤ እሷ ከተበላሸች ግራውን አምኖ የሚሰጥ ሰው አይደለም፣ አውቀዋለሁ።

ከዚያ ሲስተሯ፣ ልጅ እግር ናት፣ ጠብታ ሰጠችን። «አባባ፣ በየሁለት ሰዓቱ አንዳንድ ጠብታ ያድርጉ፤ እንዳያቋርጡ። ዓይንዎን እንዳያሹት፣ እንዳይጎነበሱ፣ ከባድ እንዳይሸከሙ። ቢቀላ ወይም ቢደበዝዝብዎ ቶሎ ይምጡ» አለች። «እሺ ልጄ፣ እሺ ልጄ» አለ። እሺታውስ ለጉድ ነው!

ቤታችን ገባን፣ እና ያቺን አትጎንበስ የምትለዋን እንዴት አጥብቆ ያዛት መሰለሽ! «ያንን ጀሪካን ያንሡልኝ» ስለው፣ «መጎንበስ ተከልክያለሁ።» «በጎቹን ይመልሱልኝ» ስለው፣ «ድንጋይ ላነሣ መጎንበሴ ይቀራል? ተከልክያለሁ።» ይሁን፣ ይሁን አልኩ። ዓይኑ ይዳን እንጂ በጉን እኔው እመልሳለሁ።

ታዲያ ቅበላው አለፈና ሁዳዴ ገባ። ሰኞ ጥዋት ጠብታውን ጠብ አደረግሁለት። ዋጥ ዋጥ አደረገና ብድግ አለ።

«ይመኙ! ጉሮሮዬን መረረኝ!»

«እኔ ዓይንዎ ላይ ነው ያደረግሁት» አልኩት። ባሌን በደህናው ቀን አንቱ ነው የምለው።

«ዓይኔ ላይ አድርገሽው ጉሮሮዬ ገባ! ጾሜን አስገደፍሽኝ!»

«እንዴ! ይሄ እህል ነው?»

«ምላሴ ላይ ከመጣ ምን ልዩነት አለው? ቀመስኩት እኮ!»

መምረሩስ እውነቱን ነው፣ የዓይን ጠብታ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል፣ ኋላ ሲስተሯም ነግራኛለች። ግን ይሄ ሰው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ከእንግዲህ ቅዳሴ ሳይወጣ ጠብታ የሚባል አይነካኝም!» የሁዳዴ ቅዳሴ ደግሞ መቼ ነው የሚወጣው? ፀሐይ ካዘቀዘቀ በኋላ! እና መጥቶ ጋደም ይልና፣ «በይ የጥዋቱንም፣ የረፋዱንም፣ የቀትሩንም ባንዴ አምጪው» ይላል። ጠብታው በጉንጩ ወርዶ ጢሙን ያጥባል። «የታመመው ዓይንህ ነው ጢምህ?» አልኩት። ይኸው ያን ጊዜ አንተ አልኩት።

ብዙም ሳይቆይ ዓይኑ ቀላ፣ ያነባ ጀመር። ዝንቧ ቀርታ እኔም ጠፋሁበት። ታዲያ ምክንያት አዋቂው ሁሉ ደጃችን ተሰበሰበ። ጎረቤታችን አያ ደሴ ፊቱን ከፊቱ አስጠግቶ አየ አየና፣ «ሌንሱ ተገልብጦ ገብቷል። አሁን ወደ ውስጥ ነው የሚያየው» አለ። ሚስቱ ደግሞ «የለም፣ ይመኙ በርበሬ ስትቆላ ነው» አለች። «በርበሬ በቆላሁ ቀን እሱ ቤተ ክርስቲያን ነበር!» ብል ማን ሰምቶኝ። አያ ውብነህማ በዶክተሩ አሳበበ፣ «ሞራውን ግማሹን ትተውብኝ ነው!» ይላል። ጠብታዋን የሚያነሣ አንድ ሰው የለም። እኔ ሳነሣት፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ነፍሴን በዓይኔ ለውጥ ትይኛለሽ?» አለኝ።

እኔ ግን ፈራሁ አስካልዬ። ፊቱ እሳደባለሁ፣ ብቻዬን ስሆን አለቅሳለሁ። ብርሃን አይቶ መልሶ መጨለም ከፊተኛውም ይብሳል እኮ።

በመጨረሻ የንስሐ አባታችንን ጠራኋቸው። በዕድሜ እሱ ይወልዳቸዋል፣ እሳቸው ግን ልጄ ነው የሚሉት። ጠብታዋን ይዘው አገላብጠው አዩና፣

«ልጄ ውብነህ፣ ይህን ስታደርግ ጠገብክ?» አሉት።

«ኧረ አባቴ፣ ጠብታ ምን ያጠግባል።»

«ጣፈጠህ?»

«መረረኝ እንጂ!»

«ታዲያ ለዓይኑ መድኃኒት አድርጎ ሁዳዴን የገደፈ ሰው ከየት ሰማህ? ለመሆኑ ማንን ጠይቀህ ነው?»

«ራሴን» አለ ቀስ ብሎ።

«ራስህን መቼ ካህን አደረግኸው?»

ኧረ ሳቄ! በነጠላዬ አፌን ያዝኩ። ከዚያ «ይፍቱኝ አባቴ» ብሎ ሊሰግድ ጎንበስ ሲል፣ «መጎንበስ ተከልክሏል!» ብዬ ጮህኩ። እሳቸውም ትከሻውን ይዘው ቀና አደረጉትና፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ። ስግደቱ ይቆይህ፤ ቀኖናህ ይህች ጠብታ ናት፣ በሰዓቷ። ነገ ግን በጥዋት ወደ ሐኪምህ!» አሉት።

እና በማግስቱ ሄድን። ዶክተሩ በዚያ መብራታቸው አዩት አዩትና፣ «ዓይንዎ ክፉኛ ተቆጥቷል» አሉ።

«ሌንሱ ተገልብጦ ይሆን?» አለ ያ ሞኝ።

«አባባ፣ ሌንሱ እንደተቀመጠ ነው። ሞራው ተገፎለት ደህና የማያይ ሰው አለ፤ አንዱ ከኋላ ያለው የዓይኑ ጅማት ቀድሞውኑ ተጎድቶበት ነው፣ አንዱ መነጽር ብቻ ጎድሎት ነው፣ አንዱ ደግሞ ቆይቶ ከሌንሱ ጀርባ ስስ ነገር ይጋርደዋል፣ እሱን በጨረር እንጠርገዋለን። የእርስዎ ግን ከዚህ ሁሉ አይመስለኝም። ጠብታውን ምን አደረጉት?»

እሱ ጣራ ጣራ ያያል።

«ጾመውት ነው» አልኩ እኔ።

«ምን?»

«ጠብታውን ጾመውት ነው!»

ሳቅ አመለጣቸው፣ ግን ወዲያው ፊታቸው ከበደ። «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ዓይኑ ይጠፋ ነበር። አሁንም ይመለሳል ብዬ አልምልላችሁም፤ ሌላ ጠብታ እጨምራለሁ፣ እናያለን» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ብታዪ! ቀኖና ነዋ! ሬዲዮኑን ከጆሮው አይለይም፣ ሰዓቱ ሲነገር «ይመኙ! ጠብታ!» ማሳ ላይ ብሆን እጠራለሁ፣ ወንዝ ብወርድ እጠራለሁ። ግን ምን ያደርጋል፣ «ይታይሃል ወይ?» ስለው «ጭጋግ ነው» ይላል። ሁዳዴ አለቀ፣ ጭጋግ። ፋሲካ ሆነ፣ ዶሮውን በጭጋግ በላው። እኔም በሆዴ፣ በቃ ይመኙ፣ ዱላውን አዘጋጂ፣ እስክትሞቺ ድረስ መሪ ነሽ አልኩ።

ታዲያ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አንድ ጥዋት፣ እኔ ከበረት እበት እዝቃለሁ፣ እሱ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል፣ እና ጠራኝ።

«አንቺ ይመኙ!»

«ደረሰ ጠብታህ?»

«ጠብታው ይቆይ። ቀሚስሽ ከኋላው እስከ ባትሽ ተተርትሮ ነው እንዴ ሰው ፊት የምትዞሪው?»

እበቱን ጣልኩት። እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ ብዳስስ እውነትም ተተርትሯል፣ እኔ ራሴ አላወቅሁም! እጄን ሳልታጠብ ሄጄ አንገቱን አቀፍኩት። «ኧረ እበት ቀባሽኝ!» እያለ ይጮኻል፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ እስቃለሁ። ያን ያህል ዘመን ያላየኝ ሰው፣ ሲያየኝ ጉዴን አየ!

አስካል እዚህ ላይ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እሺ፣ እናቴንስ እወስዳታለሁ፣ ጠብታዋንም በሰዓቷ አደርግላታለሁ። ግን እትዬ ይመኙ፣ ቀሚስዎ እኮ አሁንም አልተሰፋም!»

«ምን ሲደረግ ይሰፋል! በየጥዋቱ ጀርባዬን ሰጥቼ ‹እስኪ፣ እስከ የት ነው የተተረተረው?› ብዬ ዓይኑን የምፈትነው ታዲያ በምኔ ነው?»