የአባት ባልዲና የልጅ በርሜል

ስለቱ የታጠፈ መጥረቢያ ይዤ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ መጥረቢያውን የሠሩልኝን ሽማግሌ ብረት ቀጥቃጭ በሥራ ቤታቸው ደጃፍ አገኘኋቸው። ላሳያቸው አፍሬ ከኋላዬ ደበቅሁት፤ እሳቸው ግን ቀድመው አይተውት ነበር።

«ድንጋይ ፈለጥህበት እንዴ?»

«እንጨት ነው፣ አባባ።»

«ና ግባ፤ እንደገና አግዬ፣ አቃንቼ፣ ውሃ ውስጥ ልንከረው።»

የሥራ ቤታቸው ጠባብ ነው። ከምድጃው አጠገብ ከአባታቸው የወረሷት ትንሽ ባልዲ አለች፤ ምስማርም ሆነ መጥረቢያ፣ ቀልቶ ሲወጣ እንዲጠነክር የሚነከረው በእሷው ውሃ ነው። የትምህርት ቤት ጓደኛዬ የነበረው ልጃቸው «በርሜል እንግዛ» ቢላቸው፣ «አባቴን ልታርም ነው?» ብለው ጮኹበት። ልጁም ወጥቶ ሄደ፤ ይኸው ሁለት ዓመቱ። የጋለ ብረት ይይዝበት የነበረው ጉጠቱ እዚያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

«አባባ፣ ባልዲዋ እኮ አነሰች» አልሁ መሬት መሬት እያየሁ።

«አንተም ጀመርህ? ምስማሩም ቀላ፣ መጥረቢያውም ቀላ፤ እኩል ጋሉ። ለአንዱ የበቃ ውሃ ለሌላው እንዴት ያንሳል?»

«ግለታቸውስ እኩል ነው፤ የያዙት ሙቀት ግን እኩል አይደለም። ሲቀጠቅጡ ፍንጣሪው እጅዎ ላይ ሲያርፍ ይጎዳዎታል?»

«አርባ ዓመት ሲዘንብብኝ! ከትንኝ አይብስም።»

«አንድ ጣሳ የፈላ ውሃ ቢደፋብዎትስ?»

«ምን ክፉ ያናግርሃል!»

«ፍንጣሪው እኮ ከፈላ ውሃ እጅግ ይግላል። ግን ቅንጣት ስለሆነ የያዘው ሙቀት ጥቂት ነው።»

ፍሙን ቆሰቆሱ። ከዚያ አንድ ምስማርና የእኔን መጥረቢያ እኩል እስኪቀሉ አጋሉ። ምስማሩን ነክረው እጃቸውን ወደ ውሃው ሰደዱ፤ ቀዝቃዛ ነው። መጥረቢያውን ሲነክሩት ግን ውሃው ተንተከተከ። እጃቸውን አስጠግተው ቶሎ መለሱ።

«ውሃው ራሱ እየፈላ ብረቱን በምን ያብርደው?» አልሁ። «ቀስ ብሎ ስለሚበርድ ስለቱ ሳይጠነክር ይቀራል። የበርሜል ውሃ ያንኑ ሙቀት ቢቀበል እምብዛም አይሞቅም፤ ብዙ ነዋ።»

«ልጄም ይህንኑ ነበር ያለኝ» አሉ በዝግታ። «እኔ ግን አባቴን የሰደበብኝ መሰለኝ።»

በሳምንቱ በርሜሉ መጣ። አሁን የሳቸው መጥረቢያ አይታጠፍም፤ አንድን ሥራ ሁለት ጊዜ ስለማይሠሩ ከሰላቸውም ጉልበታቸውም ተርፏል፤ የሸሹ ደንበኞችም ተመልሰዋል። የአባታቸው ባልዲም አልተጣለችም፤ በየጠዋቱ በርሜሉን የምትሞላው እሷ ናት።

ትናንት አስጠሩኝና ወረቀት ሰጡኝ።

«ለልጄ ጻፍልኝ። በርሜሉ ተገዝቷል በለው።»

ጻፍሁ። «ሌላስ፣ አባባ?»

ወደ ግድግዳው ዞሩ። ጉጠቱን አውርደው ዘይት በነካ ጨርቅ ይወለውሉት ጀመር፤ ጨርቁ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ለዚሁ ሥራ የዋለ እንደሆነ ያስታውቃል።

«ጉጠትህ አልዛገም በለው።»