ለእሜቴ ጓደኛ ሲመጣላት

ሞባይል ስልክ ቡታጅራ ሳይገባ ወሬ ሁሉ የሚያልፈው በባሂራ ልብስ ስፌት ቤት ነበር። ያን ቀን ባሂራ ክረምቱ ቶሎ መግባቱን፣ ጭቃው የደንበኞቿን ጫማ በሯ ላይ እንደሚያስወልቅ እያወራች የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች። በአንድ በኩል ቀሚስ ልታሳጥር የመጣችው መምህርት ብርቄ፣ በሌላ በኩል ጎረቤቷ ሰፍያ ተቀምጠዋል።

ሰፍያ የመጣችው የመጋረጃ ጨርቅ ይዛ ነው። አንድ ልጇ ሳኒ ከእንሴኖ ሙሽራ ሊያመጣ ነውና፣ ለሙሽራዋ የታሰበችውን የጓሮ ጠባብ ክፍል መስኮት ልክ ለባሂራ ነግራታለች። ትልቁ ክፍል የራሷ ነው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የዕቃ ቤቱ ቁልፍም ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። የሳኒ የፊተኛዋ ሚስት ዓመት ሳይሞላት ወደ አባቷ ቤት ተመልሳለች። ለምን እንደሄደች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ለሰፍያ ፊት ለፊት የነገራት ግን የለም።

በሩ አጠገብ በሽቦ ጎጆ የተንጠለጠለችው የባሂራ በቀቀን ጮኸች። ብርቄ ጣቷን ልትሰድላት ስትል ባሂራ ፈጥና ያዘቻት።

«ተይ ብርቄዬ፣ እሜቴን አትንኪያት... እንደሷ ያለ ቤት ጠባቂ የት ይገኛል? ጥሬዋን ማንም አያይባት፣ ውሃዋን ማንም አይቀምስባት። ያሳደግኳት እኔ እንኳ ጎጆዋን የማጸዳው አስፈቅጄ ነው። አንዲት እንጨት ከቦታዋ ብትዛነፍ ቀኑን ሙሉ ስታጉረመርም ትውላለች። ታዲያ ይሄ ሙያ አይደለም?»

ሰፍያ የወፏ ወሬ መስሏት ፈገግ አለች።

ባሂራ ቀጠለች። አምና ሹፌሩ ዑመይር ከጅማ ሲመለስ ለእሜቴ ጓደኛ ትሁናት ብሎ አንዲት ለጋ በቀቀን አምጥቶ ነበር፤ አንገቷን የደፋች፣ ድምፅ የሌላት። እሜቴ መጀመሪያ ዝም አለቻት። ከዚያ መቆሚያውን ከለከለቻት፣ ቀጥላ ጥሬውን፤ በመጨረሻም እግሯን ነክሳ አነከሰቻት። ምስኪኗ ላባዋ እየረገፈ ሲሄድ ጊዜ ባሂራ አዝና ለዑመይር መለሰችለት።

«እሜቴ ግን ምን አጠፋች? ቤቱ የማን ሆነና... ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይላሉ። እኔ ደግሞ ወጥ ሠሪዋ ካልተለወጠች ጉልቻው ምን በደለ እላለሁ። አይደለም እንዴ ብርቄዬ?»

ብርቄ አቀርቅራ የቀሚሷን ጠርዝ ማየት ጀመረች። ለሰፍያ ያን ጊዜ ገባት። ጆሮዋ ጋለ። ተነስታ ብትወጣ ነገሩን የኔ ነው ማለቷ ነው፤ መልስ ብትሰጥም ያው። ስለ ወፍ ሲወራ ማን ይቆጣል? የቁልፉን ክር በሻሿ ጫፍ ሸፈን አደረገች።

ባሂራ አላበቃችም። ዑመይር አሁን ሌላ ሊያመጣ ነው፤ እሷም እንደ አምናው እንዳይሆን የእንስሳት ሐኪሙን አምሀን ጠይቃለች። እሱ እንዳለው አዲሷ መጀመሪያ ለብቻዋ ትቀመጥና ድምፅ ለድምፅ ይላመዱ፤ ጥሬያቸው ይለያይ፤ እንዳትቀና ለአሮጊቷ ቀድሞ ይሰጣት። የሚገናኙትም ለሁለቱም አዲስ በሆነ ቦታ ይሁን። አሮጌው ጎጆ ውስጥ ከሆነም ዕቃው ይቀያየር፤ አሮጊቷ የኔ የምትለው ጥግ ይጥፋት።

«መምታትማ አይጠቅምም አለኝ። የምትነክሰው ስለከፋች አይደለም፣ ስለፈራች ነው። ሌላ ከመጣች እኔን ማን ያየኛል ብላ... ታሳዝናለች እኮ። ብቻ ከቆጤ አልወርድም ስትል የብብቷን እንዳትጥል። ያውም አንድ ያላትን... ወይ ጉድ፣ ወፍ ብብት አላት እንዴ ብርቄዬ? ክንፏን ማለቴ ነው።»

ሰፍያን ያሸነፋት ነቆራው ሳይሆን «ታሳዝናለች» የሚለው ቃል ነበር። የሳኒ ሚስት የሄደች ዕለት የረታች መስሏት ነበር። ሳኒ ግን ከዚያ ወዲህ ከሱቅ ሲመለስ እራቱን በልቶ፣ ሁለት ቃል ሳይናገራት ይተኛል። ትልቁ ክፍል ለአንዲት ሴት ምን ያደርጋል? የጓሮዋ ጠባብ ክፍል ለእሷ መች አነሰቻት?

ባሂራ መቀሱን አንስታ ጨርቁን ልትቆርጥ ስትል ሰፍያ እጇን ያዝ አደረገቻት። መጋረጃው ለትልቁ ክፍል መስኮት ይሁን፣ ጨርቁም ካነሰ አመጣለሁ አለቻት በዝግታ። ክፍሉን ለሙሽራዋ ልትለቅ መሆኗን መናገር ግን አቃታት፤ አፏ አልታዘዝ አላት።

ባሂራ የመሰላት ሌላ ነው፤ ሰፍያ የሙሽራዋን መጋረጃ እንኳ ለራሷ መስኮት ልታደርገው ነው ብላ አሰበች። ብርቄን በዓይኗ ጠቀስ አደረገቻትና ድምፅዋን ማር አስመስላ ወደ ሰፍያ ዞረች።

«እሰይ እትዬ ሰፍያ፣ ደግ አደረጉ... አላህ ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ። ቤትዎን የሌላ ሰው እጅ አይንካብዎ። ያስቀመጡትን ዕቃ ካስቀመጡበት የልጅ ልጅ እጅ እንኳ አያንቀሳቅስብዎ።»

ምርቃት እምቢ አይባልምና ሰፍያ ሁለት እጆቿን ዘርግታ «አሚን» አለች።