የበሩ ግዝት

(አንዲት የጎጃም ገጠር ደብር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። ወይዘሮ ማዘንጊያ በወሊድ የሞተችባት ልጇ የተወቻትን ሕፃን አዝላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ውጭ ቆማለች፤ የነፍስ አባቷ መምሬ ፈንቴ ከውስጥ ሆነው በሩን ይዘዋል፤ ሁለቱም ቱግ ብለዋል።)

መምሬ ፈንቴ፦ ግዝቱን አልፈታም አልኩሽ፣ አልፈታም! መጀመሪያ ከወንድምሽ ከዳምጤ ታረቂ።

ማዘንጊያ፦ ነገ እኮ ሰማንያ ቀኗ ነው መምሬ! ሕፃኗ ክርስትና ስትነሳ እኔ አያቷ ከአጥር ውጭ ልገተር? እናት እንደሆነ የላትም። ማን ይቀፋት?

መምሬ ፈንቴ፦ ዳምጤን ይቅር በይና ገብተሽ እቀፊያት። «የተጣላ ሰው ሳይታረቅ በዚህ በር ቢገባ የተገዘተ ይሁን» ብዬ ሕዝብ ፊት ተናግሬያለሁ። የቄስ ቃል ነው፣ የገበያ ወሬ አይደለም።

ማዘንጊያ፦ ሰምቻለሁ፣ አክብሬያለሁም። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ እየመታኝ ከዚህች ድንጋይ ላይ ሆኜ አስቀደስኩ። አንድ ቀን ይህን በር ረግጫለሁ?

መምሬ ፈንቴ፦ አልረገጥሽም። ግን ቂምሽን ታቅፈሽ ነው የቆምሽው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ሲባል አልሰማሽም?

ማዘንጊያ፦ ዳምጤ ይቅርታ ጠየቀኝ እንዴ? እኔ ጠበል በሄድኩበት አትጠገብን፣ ያቺን ገና ገመድ ዘላ ያልጠገበች ልጄን ለወዳጁ ዳረብኝ። ስመለስ ዳሱ ፈርሷል። ስትሞትም ቀብር መጣ፣ ጠላውን ጠጣ፣ ሄደ። በቃ!

መምሬ ፈንቴ፦ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው።

ማዘንጊያ፦ ተዉ! ተዉ መምሬ! የዳምጤን ፈቃድ በእግዚአብሔር አያላክኩብኝ!

መምሬ ፈንቴ፦ አፍሽን ሰብስቢ፣ ካህን ፊት ነው የቆምሽ! ልጅቷ ራሷ እሺ ብላለች። ከመባረኬ በፊት ጠይቄያታለሁ። እሺ ይበልጣል ከሺ።

ማዘንጊያ፦ ምን ብለው ጠየቋት?

መምሬ ፈንቴ፦ «የአጎትሽን ቃል ትፈጽሚያለሽ ወይ?» ብዬ ነዋ።

ማዘንጊያ፦ «ትፈልጊያለሽ ወይ?» አላሏትም?

መምሬ ፈንቴ፦ ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች?

ማዘንጊያ፦ እሰይ! ለመዳር ደርሳለች፣ ለመጠየቅ ግን ልጅ ናት! እሺ ያለችው ልጄ ይኸው አፈር ለበሰች። ታዲያ እሺታዋ ከሺ የበለጠው ለማን ነው?

መምሬ ፈንቴ፦ መታዘዝ የክርስትና ራስ ነው። ጌታ ራሱ እስከ ሞት ታዟል።

ማዘንጊያ፦ ወዶ ነዋ! ወዶ ነው ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉ? በገመድ የተጎተተች ጥጃ ታዘዘች ይባላል?

መምሬ ፈንቴ፦ ደግሞ ትርጓሜ ልታስተምሪኝ ነው?

ማዘንጊያ፦ እኔ ምን ተምሬ! ልጅዎ ግን ተምሯል።

መምሬ ፈንቴ፦ ተይ! የእሱን ስም እንዳታነሺ!

ማዘንጊያ፦ አነሳለሁ! ልሳነወርቅ ያኔ ዲያቆን ነበር። «ለዚህ ጋብቻ አላገለግልም» ብሎ ልብሰ ተክህኖውን አስቀምጦ ወጣ። እርስዎም «ልጄ አይደለህም» ብለው ከቤት አባረሩት። ከዚያ ሁሉ ሰው ለልጄ እምቢ ያለላት እሱ ብቻ ነው።

መምሬ ፈንቴ፦ አባቱን አዋረደ! በሰው ፊት!

ማዘንጊያ፦ ታርቃችኋል?

መምሬ ፈንቴ፦ ምን አገባሽ?

ማዘንጊያ፦ ታርቃችኋል ወይ?

መምሬ ፈንቴ፦ ይምጣና እግሬ ላይ ይውደቅ፣ ያኔ እናያለን።

ማዘንጊያ፦ እንግዲያው እዚያ ውስጥ ምን ይሠራሉ?

መምሬ ፈንቴ፦ ምን አልሽ?

ማዘንጊያ፦ «የተጣላ ሰው» አሉ እንጂ «ማዘንጊያ» አላሉም። «ከቄስ በቀር» አላሉም። ለሰው ጉድጓድ ሲቆፍሩ አርቀው አይቆፍሩ፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም!

መምሬ ፈንቴ፦ ያ ላንቺ ነበር! ላንቺ እንደሆነ አገር ያውቃል!

ማዘንጊያ፦ እግዚአብሔርም እንደዚያ ነው የሰማው?

መምሬ ፈንቴ፦ ነገር አታጣሚብኝ!

ማዘንጊያ፦ እኔ ቃልዎን ፈርቼ ዝናብ ስጠጣ ከረምኩ። እርስዎ የገዛ ቃልዎን እየረገጡ ሲገቡ ሲወጡ ከረሙ።

መምሬ ፈንቴ፦ ታዲያ ማን ይቀድስ ነበር?

ማዘንጊያ፦ እንጃልዎ! እኔ አሁኑኑ ወንዙን ተሻግሬ ማዶ ከዘመድ አድራለሁ። ልሳነወርቅ እዚያ ቀስሷል፤ ወዳ ያገባችው ሚስትም አለችው። ነገ ጧት ሕፃኗን እሱ ክርስትና ያነሳታል፣ እኔም አቅፋታለሁ። ዳምጤን አንድ ቀን ይቅር እለው ይሆናል። ካልኩት ግን ወድጄ ነው፣ ተገዝቼ አይደለም።

መምሬ ፈንቴ፦ ቀሰሰ? ልሳነወርቅ? ማንም አልነገረኝ።

ማዘንጊያ፦ ማን ደፍሮ ይንገርዎት? ስሙ ሲነሳ እንደ እሳት ይንቀለቀሉ የለ!

መምሬ ፈንቴ፦ ማዘንጊያ… በገዛ አፌ… እኔስ ምን ይሻለኛል?

ማዘንጊያ፦ ዛሬ ደግሞ እኔን ይጠይቁኝ ጀመሩ? ነፃ ነዎት መምሬ፣ ከራስዎ በቀር የገዘተዎት የለም። በሉ ደህና ይዋሉ፣ ሕፃኗ ራባት።

መምሬ ፈንቴ፦ ቁሚ! አንቺ ሴት፣ ቁሚ እንጂ! መቋሚያዬን ልያዝና አብሬሽ ልሻገር።