ጋሽ ጓንጉልና የጥዱ ሥር ነፍሳት

ወዳጆቼ፣ ጋሽ ጓንጉልን ከሥራ ለመሸኘት ነው የተሰበሰብነውና፣ ምግቡ ሳይቀዘቅዝ ልናገር። ዓለሙ፣ ለኬንያውያን ባልደረቦቻችን ተርጉምላቸው፤ ቀልዴን ግን እንዳትቆርጥብኝ።

ጋሽ ጓንጉል መጀመሪያ መሥሪያ ቤታችን የመጡ ዕለት ዘበኛው አላስገባም ብሏቸው ነበር። በአንድ እጃቸው ሻንጣ፣ በሌላው አፈር የሞላ የወተት ጣሳ ይዘዋል።

«ሻንጣው ውስጥ ምን አለ?»

«ልብስ።»

«ጣሳውስ?»

«እንስሳት።»

ዘበኛው ጎንበስ ብሎ ቢያይ አፈር ብቻ! እኔን ጠርቶ፣ «ራሂማ፣ እኚህ ያገርሽ ሰው አሟቸዋል መሰለኝ» አለኝ።

ከሳቸው ጋር ማታቱ፣ ያው ሚኒባሱን፣ የተሳፈረ ደግሞ ያውቃል። የጥድ ቅጠል የሞላ ጆንያ ታቅፈው ይቀመጣሉ። ረዳቱ በአክብሮት «ምዜ፣ አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ሲላቸው፣ «ቤተሰብ ነው፣ ቀስ በል» ይሉታል። ለቤተሰቡም ያስከፍላቸዋል።

ቤተ ሙከራ ውስጥ አፈሩን ወንፊት ላይ አድርገው ከላይ አምፖል ያበሩበታል። ዘላይ የምንላቸው ጥቃቅን ነፍሳት ሙቀቱን ሲሸሹ ታች ብልቃጥ ውስጥ ይወድቃሉ። አንድ ቀን ምሳ እየበላሁ፣ «ነይ እዪ፣ ይቺ ዘላይ ዕንቁላል ልትጥል ነው!» ብለው ምግቤን አስተዉኝ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሥራችን የጥዱ ጫካ ውስጥ ኮምፖስት፣ ማለት የብስባሽ ማዳበሪያ፣ ብንበትን እነዚህ ነፍሳት ምን ይሆናሉ የሚል ነበር። የጥድ ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም፤ እያደቀቁ አፈር የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ይበዛሉ ብለን ስንጠብቅ፣ በመጀመሪያው ዓመት አለቁ።

ያኔ ለሥራው ገንዘብ የሚሰጡት ሰዎች ጊጊሪ ካለው የተባበሩት መንግሥታት ቢሮ መጥተው ሊጎበኙን ሆነ። አለቃችን ተጨንቀው፣ «ጓንጉል፣ ለጊዜው ኮምፖስት ያልነካውን መሬት ብቻ እናሳያቸው» አሉ። የጋሽ ጓንጉል የመኖሪያ ፈቃድ በዚሁ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሥራው ቢዘጋ አገር ቤት አይመለሱ ነገር፣ ደርግ እሳቸውን ሲያጣ ወንድማቸውን አስሯል። ያን ሰሞን ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርነሽ ጓዝ መሸከፍ ጀምረው እንደነበር የነገሩኝ በቅርቡ ነው።

ጋሽ ጓንጉል እንግዶቹን በቀጥታ ወደ ሞተው መሬት ወሰዷቸው።

«እነዚህን የገደልናቸው እኛ ነን» አሉ። «ኮምፖስቱን ሳይበስል፣ ትኩሱን በተንነው። አወፈርነውም፤ አፈሩ ታፈነ።»

አንዷ እንግዳ፣ «ታዲያ ለምን እንቀጥላለን?» አለቻቸው።

«እኛ ያጠፋነውን ሌላው እንዳይደግመው።»

ሴትዮዋም፣ «ቀጥሉ» አለች።

ቀጠልን። ክምሩን እያገላበጥን አበሰልነው፤ ዝናቡ ሲገባ ሳሳ አድርገን በተንነው። በዓመቱ ዘላዮቹ ተመለሱ፤ ከቀድሞውም በዙ። አለቃችን ይኸው እዚህ ተቀምጠዋል፤ ዘላዮቹ የተመለሱ ቀን በሱፋቸው ጭቃ ላይ ተንበርክከው ሲያዩ የነበሩት እሳቸው ናቸው። አይክዱም!

ጋሽ ጓንጉል፣ እኔ ሥራ ስጀምር ኢስትሊ ሰፈር ካለው የእናቴ ጨርቅ ሱቅ በቀር የማውቀው አልነበረም። ማይክሮስኮፕ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የሚያስፈራ እውነት በረጋ ድምፅ ሲነገር የሰማሁትም ከእርስዎ ነው። ከሰኞ ጀምሮ በቦታዎ የምሠራው እኔ ነኝ፤ እውነቱን ልንገርዎት፣ ፈርቻለሁ። ስላስተማሩኝ ሁሉ አመሰግናለሁ።

በሉ ብርጭቆ አንሱ፤ ቢራ የያዘም፣ እንደኔ የማንጎ ጭማቂ የያዘም። ጋሽ ጓንጉል፣ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ! ወይዘሮ ብርነሽ፣ ባልዎን መልሰንልዎታል፤ ጆንያውን ግን በር ላይ ያስቀሩት። ወንድምዎም ተፈተው፣ በዚህችው ናይሮቢ አንድ ማዕድ ላይ ለመቀመጥ ያብቃችሁ!

አሜን በሉና ጠጡ።